ኋላው ለተቀመጠ መኪና የቱ ይሻላል?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ የመኪናን ድካም አይደብቅም። ሽቅቡ ረጅም፣ ጥምዝምዙ ብዙ ነው፤ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሜዳ ላይ ደህና የሚመስል ያረጀ ፕራዶ ወይም ፓጄሮ ቤተሰብ ሞልቶ ይህን ዳገት ሲይዝ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል፤ ኋላው ወደ ታች ይሰምጣል። ጉብታ ሲያልፍ ከሥሩ «ጓ» የሚል ድምፅ ይወጣል። ማታ ደግሞ ከፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር «መብራትህን ዝቅ አድርግ» እያለ ያብለጨልጭበታል፤ መብራቱ ግን ቀድሞውኑ ዝቅ ብሏል።

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ በዚህ መንገድ የሚወጣው የቤተሰብ መኪና በርክቷል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ወደ እንጦጦ ማርያም፣ ወደ ራጉኤልና ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚሄደው ምእመን ሲሄድ ሰው፣ ሲመለስ ሰውና የጸበል ጄሪካን ጭኖ ነው። ከተራራው ወዲያ ደግሞ ሱሉልታና የጎጃም መንገድ አለ፤ በበዓል ሰሞን ጤፉም ዶሮውም በዚያ በኩል ይገባል። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት በአብዛኛው ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠሩ መኪኖች ናቸው።

ኋላው የተቀመጠበት ሰው ምክር ሲጠይቅ ግን አንድ ወጥ መልስ አያገኝም። አንዱ መካኒክ «ያለውን እናድሰዋለን» ይላል። ሌላው «አዲስ ሞላ ግዛ» ይላል። ገጠር የሚሠራ ሾፌር «ወፍራም ሞላ ነው የሚያዋጣው» ብሎ ይምላል። ቁጠባ የሚወድ ጎረቤት «ላስቲክ ከሥሩ አስገባበትና ተገላገል» ይላል። አራቱም ካዩት ተነሥተው ነው የሚናገሩት፤ እያንዳንዱ በዓይኑ የያዘው ጭነት ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ አንዱን አንግሦ ሌላውን ከመጣል በፊት የእያንዳንዱን ክርክር በሙሉ ጉልበቱ መስማት ይገባል።

መጀመሪያ፣ የወደቀው ምንድን ነው?

የመኪና ኋላ የሚቆመው በሁለት ዓይነት ብረት ነው። ላንድክሩዘር 60፣ ሃርድ ቶፕና ሃይሉክስ ከኋላ የሚቀመጡት በባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርበው በታሰሩ ቅስት ብረቶች ላይ ነው። ላንድክሩዘር 80፣ ፕራዶ 90፣ የሁለተኛው ትውልድ ፓጄሮ፣ ቪታራና አብዛኛው ፓትሮል ደግሞ ከኋላ በተጠቀለለ ሞላ ይሸከማሉ።

ሞላ በዓመታት ጭነትና ንዝረት ሲደክም በዋናነት የሚያጣው ቁመቱን ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ለመጭመቅ የሚጠይቀው ኃይል ያን ያህል አይለወጥም፤ ብረቱ ያው ብረት፣ ውፍረቱም ያው ውፍረት ነውና። ነገር ግን ቁመቱ ሲያጥር መኪናው ወደ ታች የሚሄድበት ቦታ ያንሳል፤ ጉብታ ላይ ቶሎ መግቻው ላስቲክ፣ ማለትም ብረት በብረት እንዳይመታ የሚያቆመው፣ ላይ ይደርሳል። «ጓ» የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ይህን መያዝ ቀጥሎ ያለውን ክርክር ሁሉ ያቀላል።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው አሞርዛቶር ላይ ነው። ኋላው ተቀመጠ ተብሎ አሞርዛቶር የተቀየረለት መኪና በማግሥቱ እንደተቀመጠ ያድራል። የተለመደው አሞርዛቶር ክብደት አይሸከምም፤ ሥራው ሞላው ሲወዛወዝ ማርገብ ብቻ ነው። ዘይት ካፈሰሰ ወይም መኪናው ጉብታ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ ከዘለለ መቀየር አለበት፤ ቁመት ይመልሳል ብሎ መጠበቅ ግን ስሕተት ነው።

ሁለተኛው መባከን ሳይለኩ መግዛት ነው። ልኬቱ ቀላል ነው፤ መኪናውን ባዶውን ደልዳላ ቦታ ማቆም፣ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም ጎማ በሜትር መለካትና መጻፍ። የኋላው ግራና ቀኝ በግልጽ ከተለያየ ነገሩ ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የሞላው ጫፍ ተሰብሮ፣ የሞላው መቀመጫ ዝጎ፣ ከባሌስትራው አንዱ ብረት ተሰንጥቆ ወይም መሐል ብሎኑ ተቆርጦ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚያሳየው ከሥር ገብቶ በባትሪ ማየት ነው።

ልኬቱ በእንጦጦ ዳገት ላይ መደረግ የለበትም። 2,000 ኪሎ የሚመዝን፣ የስበት ማዕከሉ ከመሬት 75 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለና በፊትና በኋላ ጎማው መካከል 2.7 ሜትር ርቀት ያለው መኪና፣ 100 ሜትር ሲጓዝ 10 ሜትር በሚያስወጣ ዳገት ላይ ሲቆም 55 ኪሎ ገደማ ክብደት ከፊት ወደ ኋላ ይዞራል። ዳገት ላይ ኋላው ዝቅ ያለ መኪና ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም።

ጭነቱም የራሱ ስሌት አለው። በዚያው መኪና አንድ ኩንታል ጤፍ ከኋላ ጎማው መሐል 1 ሜትር ወደ ኋላ ሲቀመጥ የኋላው እግር የሚሸከመው 100 ኪሎ ሳይሆን 137 ኪሎ ያህል ነው፤ 37ቱ ከፊት ጎማ ላይ የተነሣ ነው። ባለ 20 ሊትር አምስት ጄሪካን ጸበልም ያው አንድ ኩንታል ነው። በዚህ ላይ ከጀርባ የተንጠለጠለው ትርፍ ጎማ፣ ጣሪያ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው የብረት ፖርቶ መጋላና ሦስተኛው መቀመጫ ሲደመሩ መኪናው ባዶ ነው በሚባልበት ቀን እንኳ ባዶ አይደለም። ምንም መለዋወጫ ከመግዛት በፊት የማያስፈልገውን ማውረድ ነጻ መድኃኒት ነው።

«ያለውን እናድሰው» የሚሉት

የጥገና ወገን ክርክር ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ብር ገደማ ተሻገረ፤ ከዚያም ወዲህ መውጣቱን አላቆመም። ከውጭ የሚመጣ ሞላ ዋጋው አብሮ ወጣ። ደመወዙ ግን በዚያ ልክ አልወጣም። እጅ ካለ፣ ብረት ካለ፣ እሳት ካለ ለምን አይታደስም ቢባል ጥያቄው ትክክል ነው።

በባሌስትራ ላይ ይህ ክርክር ጠንካራ ነው። ባሌስትራ ተፈትቶ የሚታሰር ነው፤ የተሰበረው ብረት ብቻ ይወጣና በልኩ ሌላ ይገባል። ቅስቱን ያጣውን በቀዝቃዛው፣ በፕሬስ ወይም በመዶሻ ደረጃ በደረጃ መመለስ ይቻላል። አንድ ተጨማሪ ብረት መደረብም የቆየ ዘዴ ነው። አገር ያቀናው የጭነት መኪና ሁሉ ሲሠራ የኖረው በዚህ ነው። ከአሮጌ ባሌስትራ ማጭድና መጥረቢያ የሚያወጣ ብረት ቀጥቃጭ የጋለውን ብረት ሙቀት በቀለሙ ያነባል፤ ይህ ከአባት ወደ ልጅ የተሻገረ እውነተኛ ሙያ ነው፤ ሊናቅ አይገባውም።

የሌላው ወገን መልስም ክብደት አለው። በቀዝቃዛው የተቀሰተ ባሌስትራ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይተኛል፤ ብረቱ ደክሟልና። በእሳት የተቀሰተው ደግሞ ከ850 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ በዘይት ተነክሮ፣ ቀጥሎ በመጠነኛ ሙቀት እንደገና ካልተረጋጋ ከሁለት አንዱ ይደርስበታል። ሳይነከር ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ይለሰልሳል፤ ተነክሮ ሳይረጋጋ ከቀረ ደግሞ እንደ መስታወት ይሰበራል። ተጨማሪ ብረት መደረብም የመኪናውን ኋላ ያደርቀዋል፤ ባዶ ሲሄድ ይነጥራል።

በተጠቀለለው ሞላ ላይ ግን ሚዛኑ ያጋድላል። ሞላን በጋዝ እሳት አግሎ መለጠጥ ቁመቱን ለዓይን ይመልሳል። ነገር ግን ፋብሪካ የሰጠው ጥንካሬ በሙቀቱ ይጠፋል፤ ቀለበቶቹ እኩል ሳይለጠጡ ይቀራሉ፤ ጫናው በአንድ ቦታ ይከማቻል። እንዲህ ያለው ሞላ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ሊተኛ፣ ሲብስም ቁልቁለት ላይ ሊሰበር ይችላል። የባሌስትራ አንድ ብረት ቢሰበር ሌሎቹ ለጊዜው ይይዛሉ፤ ሞላ ግን በአንድ ጎን አንድ ብቻ ነው።

መካከለኛ መንገድም አለ፤ ሶማሌ ተራና አካባቢው ከሚገኙ ነጋዴዎች ከፈረሰ መኪና የወጣ ሞላ መግዛት። ጥሩው ነገር ብረቱ የፋብሪካ መሆኑ ነው። ችግሩ የዚያም መኪና ዕድሜ ያው መሆኑ ነው። የሚገዛ ሰው ሁለቱንም ጥንድ ጎን ለጎን አቁሞ ቁመታቸውን ይለካ፤ የሽቦውን ውፍረትና የቀለበቱን ቁጥር ከራሱ ጋር ያስተያይ፤ ዝገት በልቶት የጎደጎደውን ይተው። ያረጀን ባረጀ መተካት ጊዜ መግዛት እንጂ መዳን አይደለም።

«አዲስ፣ እንደ ፋብሪካው» የሚሉት

ይህ ወገን የሚለው አጭር ነው፤ መኪናውን የሠሩት መሐንዲሶች ሞላውን፣ አሞርዛቶሩን፣ ፍሬኑንና መሪውን አንድ ላይ ነው የመጠኑት፤ ወደዚያ ልኬት መመለስ ሌላ ነገር አያበላሽም። መብራቱ ወደ ቦታው ይወርዳል፤ ፍሬኑ በታሰበለት መንገድ ይሠራል፤ ልጆች ከኋላ ሲቀመጡ አይናጡም። ለአብዛኛው ቤተሰብ መኪና ይህ ክርክር ቀና ነው።

ደካማ ጎኑ ሁለት ነው። አንደኛው ዋጋው ነው፤ ሞላ ሁልጊዜ በጥንድ ስለሚቀየር ክፍያው እጥፍ ነው። አንዱን ብቻ መቀየር መኪናውን ወደ አንድ ጎን ያዘምማል፤ ሁለቱም አብረው ነው ያረጁትና። ሁለተኛው፣ ፋብሪካው ያሰበው ጭነትና እዚህ የሚጫነው አንድ ላይሆን ይችላል። ጃፓን አገር ለለሰለሰ አስፋልት የወጣ መኪና አዲስ አበባ መጥቶ በየሳምንቱ ሰባት ሰውና ኩንታል የሚጭን ከሆነ አዲሱም የፋብሪካ ሞላ ዕድሜው ያጥራል።

በገበያው ላይ የስም ተመሳሳይነትም ያሳስታል። ያው ፕራዶ በሦስት በርና በአምስት በር፣ በቤንዚንና በናፍጣ፣ የተለያየ የሞላ ቁጥር አለው። ሻጩ «ይሄ ይሆናል» ሲል ማመን ሳይሆን የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ ሄዶ በካታሎጉ ማስፈለግ ይገባል። የኋላ ሞላ ከገባ በኋላ መኪናው ሰማይ የወጣበት ወይም ከበፊቱ ያልተለየበት ብዙ ባለቤት የተጎዳው እዚህ ላይ ነው።

«ወፍራም ሞላ ነው የሚያዋጣው» የሚሉት

አስጎብኚዎች፣ የመስክ ሠራተኞችና ገጠር የሚመላለሱ ሾፌሮች በዚህ ወገን ናቸው። ለጠንካራ ጭነት ተብለው በአውስትራሊያና በሌሎች አገሮች የሚሠሩ ሞላዎች አሉ፤ አንዳንዱ ቋሚ ተጨማሪ ጭነት በኪሎ ተጽፎበት ይሸጣል። የሞላ ጥንካሬ በሽቦው ውፍረት እጅግ ስለሚወሰን ልዩነቱ ትንሽ መስሎ ትልቅ ነው፤ ሌላው ልኬት ሳይቀየር ሽቦው ከ13 ሚሊ ሜትር ወደ 14 ቢወፍር ጥንካሬው 35 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ሁልጊዜ ድንኳን፣ ውኃ፣ ነዳጅና ምግብ ጭኖ ወደ ሰሜን ተራሮች ወይም ወደ ኦሞ ለሚሄድ መኪና ይህ ትክክለኛ መልስ ነው። ጭኖ ሲሄድ ቁመቱን ይጠብቃል፤ ድንጋይ ላይ ሥሩ አይመታም፤ መሪው አይቀልም።

ይኸው መኪና ባዶውን ከስድስት ኪሎ እንጦጦ ሲመላለስ ግን ሌላ ሆኖ ይገኛል። ኋላው ያፈነግጣል፤ ኮብልስቶን ላይ ይነጥራል፤ ክረምት ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል በተኛበት እርጥብ ጥምዝ ላይ የኋላ ጎማው መሬት መጨበጡ ይቀንሳል። አሮጌው አሞርዛቶር ደግሞ ጠንካራውን ሞላ ማርገብ ስለማይችል እሱም አብሮ መቀየር ይኖርበታል። እዚህ ላይ የሚጨመረው ወጪ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ስሌት ውስጥ አይገባም።

የዚህ ወገን ትልቁ አደጋ ግን ያልተነገረ ተስፋ ነው። ወፍራም ሞላ የገጠመ ሰው መኪናው የበለጠ እንዲጭን የተፈቀደለት ይመስለዋል። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የመጫን አቅም ግን በሞላ አይለወጥም። ሻንሲው፣ አክሱ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑና ጎማው ያው የቀድሞው ናቸው። ኋላው አለመተኛቱ ሸክሙ አለመኖሩን አያሳይም፤ ማስጠንቀቂያውን ብቻ ይደብቃል።

«ላስቲክ ከሥሩ» እና «የአየር ከረጢት» የሚሉት

ከሞላው ጫፍ ላይ የሚገባ ወፍራም ላስቲክ ወይም ፕላስቲክ ስፔሰር ብዙ መካኒክ የሚንቀው ዘዴ ነው። ፍትሐዊ ለመሆን ግን አንድ ነገር ሊባልለት ይገባል። የደከመ ሞላ ያጣው ቁመት ከሆነ፣ ስፔሰሩ ያንኑ ቁመት ይመልሳል፤ የመኪናውን ምቾትም ብዙ አይለውጥም፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። ሞላው ካልተሰበረ፣ የጎደለው ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ለአዲስ ሞላ ገንዘብ እስኪጠራቀም ድረስ ተቀባይነት ያለው መሻገሪያ ነው።

ይህ ምስክርነት በሞላው ቀለበቶች መካከል ለሚሸጎጠው ላስቲክ አይሠራም። ያኛው ሁለት ቀለበት አስሮ ከሥራ ያወጣቸዋል፤ የእነርሱን ድርሻ ሌሎቹ ይሸከማሉ፤ ላስቲኩ በነካበት ቦታ ብረቱ ይፋተጋል፣ ይዝጋል፣ በመጨረሻም ይሰበራል። ከጎማ ተቆርጦ የሚጠቀለል መላ፣ በሽቦ የሚታሰር እንጨት፣ ሁሉም የዚሁ ዘመድ ናቸው። በምንም ሒሳብ የሚደገፉ አይደሉም።

የአየር ከረጢት ከሞላው ውስጥ ገብቶ በፓምፕ የሚነፋ ጠንካራ ፊኛ ነው። ክርክሩ ማራኪ ነው፤ ባዶ ሲሆን አስተንፍሶ በምቾት መሄድ፣ ጭነት ሲመጣ ነፍቶ ቁመት መጠበቅ። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ጤፍ ለሚያመጣና በቀረው ጊዜ ባዶውን ለሚነዳ ቤተሰብ ከወፍራም ሞላ ይሻላል። ዕዳውም ግን አለ። መግቻው ላስቲክ ከሞላው ውስጥ በሆነባቸው መኪኖች ለከረጢቱ ቦታ ለማግኘት ያንን ላስቲክ መቁረጥ ይጠየቃል፤ ከረጢቱ ቢቀደድ ብረት በብረት ይመታል። የጭስ ማውጫው ቅርብ ከሆነ ሙቀቱ ያቃጥለዋል። በባሌስትራ መኪና ላይ ከሻንሲው ጋር ሲገጠም ደግሞ ክብደቱን ፋብሪካው ባላሰበው አንድ ነጥብ ላይ ያሳርፋል፤ ከባድ ጭነት ያለበት ሻንሲ በዚህ ምክንያት ሊጎብጥ ይችላል። ከረጢቱ የደከመ ሞላ መተኪያም አይደለም፤ የጤናማ ሞላ አጋዥ እንጂ።

ለእኛ አገር መልክዓ ምድር የሚለይ አንድ ነገርም አለ። እንጦጦ ላይ የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው፤ አዋሽ አካባቢ ወደ 90 በመቶ ይጠጋል። እንጦጦ ላይ በመለኪያ 10 ፒ.ኤስ.አይ. የተነፋ ከረጢት ምንም ሳይቀደድ ቆላ ሲወርድ በከፍታው ብቻ እስከ 3 ፒ.ኤስ.አይ. ሊያጣ ይችላል፤ የቆላው ሙቀት ከዚህ ከፊሉን ይመልሳል። ስለዚህ ከደጋ ወደ ቆላ የሚጓዝ ሰው መንገድ ላይ ደግሞ መለካት አለበት፤ ከቆላ ሲመለስም ግፊቱ ይጨምራልና ማስተንፈስ።

ሁሉም ወገን የሚረሳው ፍሬን

በብዙ የቆዩ ፎር ዊል መኪኖች ከኋላ አክስ ጋር በዘንግ የተያያዘ አንድ ቫልቭ አለ። ሥራው መኪናው ሲጫን ወደ ኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት መጨመር፣ ባዶ ሲሆን መቀነስ ነው። ጭነቱን የሚያውቀው ደግሞ በቁመቱ ነው፤ ኋላው ዝቅ ካለ ተጭኗል ብሎ ይወስዳል።

እንግዲህ ሞላው ደክሞ ኋላው የተቀመጠ መኪና ባዶውን እየሄደ ቫልቩ ተጭኗል ይላል። ወደ ኋላ ጎማ ከሚገባው በላይ ግፊት ይሄዳል። እርጥብ ቁልቁለት ላይ በድንገት ፍሬን ሲያዝ የኋላ ጎማ ቀድሞ ይቆልፋል፤ መኪናው ይሽከረከራል። በሌላ በኩል ወፍራም ሞላ ወይም ስፔሰር ገብቶለት ከፋብሪካው ቁመት በላይ የተነሣ መኪና በእውነት ተጭኖም ቢሆን ቫልቩ ባዶ ነው ይላል። ያኔ የፊት ፍሬን ብቻውን ይደክማል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው ቁልቁለት የፊት ፍሬን ከመጠን በላይ ሲግል ፔዳሉ እየተረገጠ ፍሬኑ አልይዝ ይላል። ሁለቱም አደጋ ከአንድ ምንጭ ነው፤ ቁመት ሲቀየር ቫልቩ አብሮ ካለመስተካከሉ።

ይህ ነጥብ የክርክሩን ሚዛን ይለውጣል። «ከፍ ባለ ቁጥር ጥሩ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑን ያሳያል፤ «ትንሽ ቢወርድ ምን ይጎዳል» የሚለውም እንዲሁ። ማንኛውም መንገድ ቢመረጥ ሥራው የሚያበቃው የቫልቩ ዘንግ ተስተካክሎ፣ የፊት መብራቱ እንደገና ተለክቶ፣ የኋላ ፍሬን ቱቦ መወጠሩ ታይቶ ሲያበቃ ነው። ባሌስትራ ከተነካ ደግሞ ማሰሪያዎቹ አዲስ ይሁኑ፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም ተመልሰው ይጥበቁ።

ሥራው በሚሠራበት ጊዜም መኪናውን በክሪክ ብቻ አንሥቶ ከሥሩ የሚገባ ሰው ሕይወቱን በአንድ ቀለበት ላስቲክ ላይ ሰቅሏል። ሻንሲው በጠንካራ የብረት ድጋፍ ይቁም፤ ተዳፋት ላይ አይሠራ፤ የፊት ጎማው ይታገድ።

ሚዛኑ

ገንዘቡን በተመለከተ የጥገናውና የአዲሱ ወገን አንድ ዓይነት እውነት ይዘው ወደ ተቃራኒ ድምዳሜ ይሄዳሉ። መኪና ማስገባት ስለከበደ፣ በኤሌክትሪክ የማይሠራውን ማስገባትም ስለተከለከለ ያለውን አሮጌ መኪና ለብዙ ዓመት መያዝ ግድ ሆኗል። ጥገና ወዳዱ «ስለዚህ ወጪ እንቀንስ» ይላል፤ አዲስ ወዳዱ «ስለዚህ በደንብ እንሥራው» ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ምክንያቴም አሥር ዓመት ሊያገለግል የታሰበ መኪና ላይ በየመንፈቁ የሚደገም ርካሽ ሥራ ውሎ አድሮ ከአንድ ጥሩ ሥራ በወጪ መብለጡ ነው። ሆኖም ገንዘቡ ዛሬ የሌለውን ሰው ከመኪናው የሚያስወርድ ፍርድ መስጠት ተገቢ አይመስለኝም፤ ስፔሰሩና የተመረመረ አሮጌ ጥንድ ሞላ ለእርሱ በቅንነት የሚቀርቡ መሻገሪያዎች ናቸው።

ፍርዱ እንግዲህ በጭነቱ ይለያይ። ሰው ብቻ ለሚያመላልስ የከተማ ቤተሰብ መኪና በሻንሲ ቁጥር የተገዛ የፋብሪካ ልክ ጥንድ ሞላ፣ ከጤናማ አሞርዛቶር ጋር። አልፎ አልፎ ኩንታል ለሚያመጣ በዚያው ላይ የአየር ከረጢት፣ መግቻውን መቁረጥ የማያስገድድ ከሆነ ብቻ። ዓመቱን ሙሉ ተጭኖ ለሚኖር የመስክ መኪና በትክክለኛው ኪሎ የተመረጠ ወፍራም ሞላ፣ ከሊብሬው አቅም ሳይታለፍ። ባሌስትራ ላለው የተሰበረውን ብረት መተካትና በሚያውቅ እጅ ማስቀሰት፣ ከጥቂት ወራት በኋላም መልሶ መለካት። በእሳት የተለጠጠ ሞላና በቀለበት መካከል የተሸጎጠ ላስቲክ ግን ለማንም አይሆንም፤ ርካሽነታቸው የሰው ሕይወት ከሚከፍለው ዋጋ ጋር የሚጣጣም አይደለም።

አንባቢ ሆይ፣ ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት የአራቱን ጎማ ቁመት ለክተው በወረቀት ይያዙ፤ ጣሪያውና ኋላው ላይ ያለውን አላስፈላጊ ክብደት ያውርዱ። መካኒኩን «ምን ትቀይርልኛለህ?» ከማለት ይልቅ «ከኋላ ብዙ ጊዜ ይህን ያህል ነው የምጭነው፤ ለዚህ የሚሆነው የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁት። ሥራው ሲያልቅ በዚያው ሜትር ደግመው ይለኩ፤ መብራቱንና የፍሬን ቫልቩን ሳያስተካክሉ አይረከቡ። ቤተሰብዎን ይዘው እንጦጦን ከመውረድዎ በፊትም ፍሬኑን ደልዳላ ቦታ ላይ ቀስ ብለው ይሞክሩት፤ ቁልቁለቱንም በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ።